አባባ የትም አይሄዱም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይግባልህ። እኛ ደህና ነን።

«ብቻሽን አትችዪም፤ አባባን መጦሪያ የሚያስገባ መኪና እልካለሁ» ያልከውን አነበብኩ። አትላክ። ሳሙና ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ስለ ማሸት አንብቤ፣ የጎደለውን ጎረቤታችንን ነርሷን ጠይቄ፣ ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እግራቸውን ለብ ባለ ዘይት አሻለሁ። ያበጠ ደም ሥር አልነካም፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ በቀስታ ነው። ጉልበታቸው ተፍታቷል፤ እንቅልፋቸውም ተመልሷል። ትናንት ያለ ምርኩዝ በረንዳ ድረስ ሄደው የጎረቤትን ድመት ሰድበው መጡ። እንዲህ ያለ ሰው ነው መጦሪያ የሚገባው?

ፊደሌ ቢንጋደድ ዘይቱ እጄ ላይ ቀርቶ ነው። ሁለት ብርጭቆም ሰብሬያለሁ፤ ዘይት መቼም ያንሸራትታል። አሁን በግራ እጄ ማሸት ለምጃለሁ፤ ቀኙ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።

ዛሬ አባባ፣ «አንቺ፣ ቀኝሽን ለማን አስቀመጥሽው?» አሉኝ።

«ለእንግዳ» አልኳቸው።

አልሳቁም። ቀኝ እጄን ስበው ጭናቸው ላይ አኖሩና ዘይቱን ራሳቸው አፈሰሱ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ይሰማሻል?»

«አዎ አባባ፣ በደንብ!»

«ውሸታም! ገና መቼ ነካሁሽ?»

ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያሹልኝ ጀመር። ስለዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ጠዋት እኔ እሳቸውን፣ ከሰዓት እሳቸው እኔን። መኪናህ ቢመጣም ባዶውን ይመለሳል።

ቤተሰብህን በሙሉ ሳምልኝ። ጤና ይብዛልህ።

እምቢ ያለችህ፣ የምትወድህ እህትህ