የዜማ ጠረጴዛና የእኔ ክርን

ወንድሜ ጥሩነህ፣ እንዴት ሰነበትህ?

የካርዱ ሥዕል ጣና ነው፤ ወሬዬ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር በልጄ በዜማ ሥራ ቦታ ዋልሁ። ለዶክትሬቷ የአንጎል ሴሎች እንዴት እንደሚገናኙ ታጠናለች። ከአይጥ አንጎል የወጣችውን ሴል ከጸጉር በቀጠነ መስታወት ነክታ፣ ኤሌክትሪኳን በስክሪን ታያለች። ጠረጴዛው ከተነካ ሁሉም ይበላሻል፤ ማሳልም ክልክል ነው። አንተ የይፋግን ሩዝ በጩኸት ከወፍ የምትጠብቀው ሰውዬ፣ እዚያ አንድ ደቂቃ አትቆይም!

ከጠዋት ጀምራ ለፍታ ሁለት ሴሎች ያዘች። አንዷን ስትቆሰቁሳት ሌላዋ መለሰች። እኔ ተደንቄ በሰፊው ሳማትብ ክርኔ ጠረጴዛውን መታው፤ የተያዘው ሁሉ ጠፋ። እናቷ ካረፈች ወዲህ «ይምጡ» ያለችኝ ገና ዛሬ ነበርና፣ ዳግም አትጠራኝም ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ዞር ብላ አየችኝና፣ «አባባ፣ ነገም ይምጡ። ብቻ በልብዎ ያማትቡ» አለችኝ።

ይኸው ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እለማመዳለሁ። ሰው ሳያየኝ ማማተብ እንዲህ ከከበደኝ፣ እስከ ዛሬ ለማን ሳማትብ ኖርሁ? አትሳቅ!

ካርዱ ሞላ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መቼ ትመለሳለህ አትበለኝ፤ ነገም ተጠርቻለሁ።