የታመምኩት እኔ፣ የሞትከው አንተ

ማቲዬ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። እኔ አለሁ። "አለሁ" የሚለውን ቃል ስጽፈው እንኳ የሰው ዕቃ ይዤ እንደተገኘሁ እሸማቀቃለሁ፤ ከሁለታችን ቀድሞ ይሞታል ተብሎ የሚጠበቀው ማን እንደነበር አንተም እናትህም ታውቁ ነበርና።

ቤቱ ያው ነው፤ ታቦር፣ ያው ግቢ። ልብስህን ወንድምህ መጥቶ ወሰደ፤ ጫማህ ስላልሆነው ተወው። እኔ አሁን የምተኛው ትራስ ደራርቤ፣ ግማሽ ቁጭ ብዬ ነው፤ ጋደም ካልኩ ትንፋሽ ያጥረኛል። አምቡላንስህን ለአዲስ ሾፌር ሰጡት። አጭር ሰው ነው፤ ወንበሩን ወደ መሪው ስቦታል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ወንበሩን ለምን ነካኸው ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ምን ያድርግ፤ እግሩ ፍሬን ላይ መድረስ አለበት።

ሐኪሙ የነገረን ዕለት ትዝ ይልሃል? በልጅነቴ ደሴ ሳለሁ እየተመላለሰ ያመመኝ ጉሮሮ ሳይታከም ቀርቶ የልቤን በር አጥብቦታል አለን። ደሙ በጠባብ በር እየተጋፋ ነው የሚያልፈው። በሩ በቀዶ ሕክምና እስኪስተካከል አትሩጪ፣ ከባድ አታንሺ፣ ዳገት አትውጪ፣ አትውለጂ አለኝ። የአምቡላንስ ነርስ እንደሆንኩ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና እኔን ትቶ አንተን አየ። ቤት ደርሰን የግቢውን በር ስትከፍት ነው "ሸክሙ የኔ፣ በሽተኛው ያንቺ። አምቡላንስ ጣቢያ ማንም እንዳይሰማ" ያልከኝ።

እኔም እሺ አልኩ። ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስም እየጠራሁ ለመኖር አልነበረም የተማርኩት። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምናው ወረፋ አስያዝንና ሥራችንን ቀጠልን። አንተ መኪናውን ታቆማለህ፣ ከኔ ቀድመህ ትወርዳለህ፣ የቃሬዛውን ከባድ ጫፍ ትይዛለህ። ሌላውን ጫፍ ለዘበኛም ይሁን ለጎረቤት ታስይዛለህ፤ እኔ ቦርሳዬን ይዤ በቀስታ ከኋላ እመጣለሁ። ጣቢያ ለጠየቀህ ሁሉ ወገቧን ያማታል አልክ። ሙሽራው እያሉ ሲቀልዱብህ አብረህ ትስቅ ነበር። እውነቱን የነገርከው ለእናትህ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጅ መቼ ነው የማየው እያሉ ቢያስጨንቁህ። ከእሳቸው ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ ጉሮሮው እንዳይመለስብኝ የታዘዘልኝን መርፌ በየወሩ የምትወጋኝ የሥራ ባልደረባችን ትዕግሥት።

ለኔ ክትትል ስንሄድ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ያንተንም ልብ ላዳምጥ ሲልህ የኔ እንኳ ሞተር ነው ብለህ ሳቅክ። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደግሞ እውነት መስሎን ነበር፤ ጤፍ ተሸክመህ የታቦርን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽህ አይሰማም ነበር።

የሞትክ ዕለት ምን እንደሆነ አንተ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ቀሪውን ልንገርህ።

ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ወደቀ ተብሎ ወደ ታቦር ዳገት ጠሩን። መንገዱ ለቦይ ተቆፍሮ ስለነበር መኪናው ግማሽ ላይ ቆመ። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ጭኑ ተሰብሯል፣ ግን ያወራል፣ ስሙን ያውቃል፣ ይሳደባል። አንተ ከባዱን ጫፍ፣ ትልቁ ልጁ ሌላውን ይዛችሁ በዚያ ኮረኮንች ቁልቁል ወረዳችሁ። መሀል ላይ ዞር ብለህ "ቀስ በይ ሰላም" አልከኝ። ፊትህ በላብ ተጠምቆ ነበር። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እኔም አልቦኝ ነበር።

ሰውየውን አስገብተን አንተ መሪው ላይ ተቀመጥክ። እኔ ከኋላ እግሩን አስሬ ሳልጨርስ ክላክሱ ጮኸ። መንገድ የዘጋብህ ሰው ያለ መሰለኝ። ክላክሱ ግን አልቆመም።

ግንባርህ መሪው ላይ ነበር። የአንገትህን ትርታ ፈለግኩ፤ የለም። እዚያ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ጠርቼ ጎትተን መሬት ላይ አስተኛንህና ደረትህን መጫን ጀመርኩ። ይህን ለስንቱ አድርጌዋለሁ፣ አንተ ራስህ ስንቴ አይተኸኛል። በእጄ ያንተን ልብ ስገፋ የኔው ልብ ጉሮሮዬ ውስጥ ይደልቅ ነበር። ጥቂት እንደቆየሁ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ከዚያ በላይ ክንዴ አልታዘዝ አለ። የባጃጁን ሾፌር እጁን ይዤ ደረትህ ላይ አስቀመጥኩት፤ እኔ እየቆጠርኩ እሱ ተጫነ። የሰውየው ልጅ አጠገቤ ቆሟል። አባቱ ከውስጥ ይጮኻል። "ሥራሽ አባቴ ነው" አለኝ። ቀና ብዬም አላየሁት።

ከጣቢያ የተላከው ሁለተኛው አምቡላንስ ትዕግሥትን ይዞ ሲደርስ ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ብዙም አልለፉም። የልብህ ደም ስር ተደፍኗል አሉኝ፤ የቆየ ነገር ነው አሉ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ የለም።

ለቅሶህ ቱላ ነበር፣ እናትህ ግቢ። የጣቢያው ሰው ሁሉ መጣ፤ ኃላፊያችንም መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። እናትህ ድንኳኑ መሀል ቆመው በሲዳሙ አፎ፣ በቋንቋችሁ፣ ያለቅሱ ጀመር። አንተ ካስተማርከኝ ሁለት ሦስት ቃል በቀር ምን እንዳሉ አልገባኝም። ስምህን ሰማሁ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንዴ ወደኔ ዞረ። ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ኃላፊያችን። ሁሉም የሰማውን እኔ ብቻ አልሰማሁም። ትዕግሥትን ምን አሉ አልኳት፤ ተይው አለችኝ። ክንዷን ጨምድጄ ስይዛት በጆሮዬ ነገረችኝ። "የልብ በሽተኛዋ ቆማለች፣ ጤነኛው ተኝቷል። ልጄ የሷን ሸክም ተሸክሞ ሞተ" ነው ያሉት።

ሐሰት ቢሆን እጣላቸው ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ኃላፊያችን ቢሮ ጠሩኝ። የሰውየው ልጅ ከሶኛል፤ ነርሷ አባቴን ጥላ ወደ ባሏ ሮጠች ብሎ። ያን ቀን የማን ነርስ እንደነበርኩ ጠየቁኝ። ትርታ ያጣው ሰው ነርስ ነበርኩ፣ ባሌ ባይሆንም ወደሱ ነበር የምሄደው አልኳቸው። በዚህ አልፈረዱብኝም። ቀጥለው ግን "አንቺም እዚያው ብትወድቂ ኖሮ ሁለቱን ማን ያነሳቸው ነበር?" አሉኝ። አንተ ብትኖር አንድ ነገር ትላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምን እንደምትል ግን አስቤ ላገኘው አልቻልኩም። በማግስቱ ከመኪና አውርደው የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያው ስልክ ላይ አስቀመጡኝ።

ከሳሻችን ክሱን ተወው። አባቱ ድኗል፤ በከዘራ ይሄዳል። በቀደም ከአባትየው ጋር ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አወቀኝ። አንገቱን ደፍቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። ጭኑ እንዴት እንደገጠመ ከኋላው ቆሜ አየሁ፤ በደንብ ገጥሟል።

ስልክ ላይ ብዙው የሚደውለው ለቀልድ ነው። ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ቀን ግን እዚያው ዳገት ላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ደወለች፤ ባሏ ወድቆ አይተነፍስም። እጇን የት እንደምታስቀምጥ ነገርኳት፣ እኔ እየቆጠርኩ ተጫነች። አምቡላንሱ ያው ቦይ ጋ ቆሞ ሰዎቹ በእግር እየወጡ ነው። ደከመኝ አለችኝ፤ አትተዪው አልኳት። ደግማ ደከመኝ አለች። ሲደርሱ ሰውየው አልፏል። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ቀድሜ ስለተውኩት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል አልኳት። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም፣ ማቲ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወረፋዬ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደውለው አስታማሚ ይዘሽ ነይ አሉኝ። አስታማሚ የለኝም። እናቴ ከሞተች ቆየች፣ አባቴ ደሴ ሆኖ ራሱም አስታማሚ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ፈቃድ ተከለከለች። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳልወስንም በፊት ደስ አላለኝም። ለማን ብዬ ነው የምድነው አልኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናትህ ናቸው፤ በዚያ ዝናብ ከቱላ በባጃጅ መጥተው። ከለቅሶው ወዲህ እዚህ ደጅ ረግጠው አያውቁም። ለካ ትዕግሥት ሄዳ ነግራቸዋለች። ወንበር ሳብኩላቸው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። የረጠበውን ነጠላቸውን ላስጣልዎት ብል እምቢ አሉ። ሻይ ላፍላ አልኩ፤ አልጠጣም አሉ። ጥግ ያለውን ጫማህን ሲያዩ ቆዩና በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ ተናገሩ።

"አንቺን ብዬ አልመጣሁም። ልጄ የሞተው አንቺ እንድትኖሪ ነው። አንቺም ከሞትሽ ልጄ በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ይሄን እኔ አልፈቅድም።"

መንገዱ ይደክምዎታል እማማ አልኳቸው። መቼ ነው የምንሄደው ብቻ ነው ያሉኝ። ሰኞ ጠዋት ስላቸው ተነሱ። በሩ ላይ ዞረው መናኸሪያ እንዳታስጠብቂኝ አሉኝና በዝናቡ ወጡ።

ስለዚህ እሄዳለሁ። እስከ አዲስ አበባ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መንገድ ላይ ያንን የለቅሶውን ቃል ይደግሙልኝ ይሆናል፤ እኔም አሁን ትርጉሙን ስለማውቀው እሰማቸዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁኝም።

የልቤ በር ሰፍቶልኝ ከተመለስኩ ኃላፊያችን ወደ መኪናው ይመልሱኛል ወይ አላውቅም፤ ቃል አልሰጡኝም። እኔ ግን ለአንተ ቃል እሰጥሃለሁ፤ እስካለሁ ድረስ የማነሳው ሸክም ሁሉ ካንተ የተቀበልኩት ነው፣ ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ከቀዶ ሕክምናው ካልነቃሁ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ እናትህ አሉ። እኔን አይወዱኝም። አንተን ግን አንዲት ቀን አይረሱህም። አንተን ለእሳቸው ትቼ እተኛለሁ።

ያንተው ሰላም