ሚጥሚጣ ለሲኞራ ወፎች

ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለው? ደም ግፊትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት ልጅ አስነብበሽ ጉዴን እንዳታወጪው። በስልክ ያልነገርኩሽ እንደምጮህብሽ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የደስታ ነው። የትንሿ ልጅሽ፣ ያቺ የምትሳሺላት።

የማስታምማቸው ሲኞራ አልጋ ከያዙ ወዲህ የቀራቸው ነገር ወፍ ማየት ነው። ጓሮው ውስጥ ዘንግ ላይ የቆመች ትንሽ የእንጨት ሳጥን አለች፤ ጥሬ አደርግባታለሁ፣ ድንቢጦች ይመጣሉ፣ እሳቸው በመስኮት ያያሉ። ታዲያ አንድ ሽኮኮ መጣብን። የእኛ አገር የድንጋዩ አይደለም፤ ይሄኛው ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ጭራው ጎፈሬ የሆነ፣ ዓይነ ደረቅ ነው! ወፎቹን አባሮ ጥሬውን ሙልጭ ያደርገዋል። ዘንጉን ዘይት ቀባሁት፤ ሲንሸራተት ከረመና ለመደው። የላስቲክ ሳህን በስቼ እንደ ጃንጥላ አጠለቅሁበት፤ ከበለሱ ዛፍ ዘሎ ሳጥኗ ላይ ጉብ አለ። መጥረጊያ ይዤ ሳባርረው ጎረቤቶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሳቁብኝ። ሲኞራ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤት የምታድር ሠራተኛ ሐሙስ ሐሙስ ትወጣለች። በእኔ ቦታ የምትቆየው ደስታ ናት፤ ያስገባኋትም እኔው ነኝ፣ እጄን በቆረጠው! አበሻ የሚገበያይበት ኤስኲሊኖ ገበያ ደርሼ ስመለስ ከበር ላይ ሳቅ ሰማሁ። የሲኞራ ሳቅ! ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ደስታ ከጓዳዬ ሚጥሚጣዬን አውጥታ ከጥሬው ጋር ለውሳዋለች። ሽኮኮው አንዴ ጎርሶ አፉን እያሻሸ፣ እያስነጠሰው ዛፍ ላይ ወጣ አሉ። ድንቢጦቹ ግን ምንም አልመሰላቸው፤ ይለቅማሉ።

ማን ነገረሽ ብላት እማዬ ናታ አለችኝ። በርበሬ ስናሰጣ ዶሮዎቻችን እየለቀሙት ምንም እንደማይሆኑ አስታወስሻት አሉ። እማዬ፣ እኔም እኮ ስለዚያ ሽኮኮ ነግሬሻለሁ! በርቺ ልጄ ብለሽ ዘጋሽው። ዶሮዎቹ ትዝ የሚሉሽ እሷ ስትደውል ነው? ከሷ ጋር ስትሳሳቂ ታመሺያለሽ፣ እኔ ስደውል ደክሞሻል። ምን ልዋሽሽ፣ ቀናሁ። አንጀቴ እርር ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ ሲኞራ ከዓርብ ጀምረው ሐሙስ መቼ ነው ይሉኛል። የማጥባቸው እኔ፣ የማገላብጣቸው እኔ፤ እሷ ግን ብቅ ብላ አስቃቸው ትሄዳለች። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ሚጥሚጣውን ደብቄ ባዶውን ጥሬ አደረግሁ። ሽኮኮው መጣ። ሲኞራ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ደስታ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር።

አሎራ፣ እንግዲህ ዋናው ነገር ይኼ ነው። የሲኞራ ልጅ ቤቱን ሊሸጥ ነው፤ እናቱን ከከተማው ውጭ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ እሱ ዘንድ ይወስዳቸዋል። አብራቸው የምትሄደው አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናት፤ ኮንትራትም መኝታም አላት። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ በእጄ ነው፣ ሌላ ሥራ አላጣም። ደስታ ግን ካለችበት የስደተኞች ማረፊያ በቅርቡ መውጣቷ ነው። ይህን ካላገኘች የት እንደምታድር እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

የሲኞራ ምላስ ስለተሳሰረ ከእኔና ከደስታ በቀር የሚሉት የሚገባው ሰው የለም፤ የገዛ ልጃቸውም ሳይቀር። ስለዚህ ማንን እንደሚፈልጉ ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅኋቸው። ያቺን ልጅ ጥሪልኝ አሉኝ። እንዳይከፋኝ ብለው ደግሞ ጉንጬን ዳበስ አደረጉኝ።

ኮሪደር ወጥቼ፣ እኔን ብለዋል አልኩት። ቫ ቤኔ፣ መልካም አለ። ተፈራረምን።

ለደስታ እስካሁን አልነገርኳትም። ሲኞራ እንደሚወዷት ስለምታውቅ የምትሄደው እሷ መስሏት ሻንጣ ሳይቀር ከጓደኛዋ ተውሳለች፤ አልጋዬ ሥር አስቀምጣዋለች። እኔ ብነግራት ዓይኔን አይታ ታውቅብኛለች። አንቺ ደውለሽ፣ ሲኞራ የመረጡት እኅትሽን ነው በያት። አንቺ ካልሻት ታምናለች። እማዬ፣ እስከዛሬ ምንም ብዬ አስቸግሬሽ አላውቅም። ለእኔ ስትዪ አንዴ ዋሺያት።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ለሚጠይቁኝ ሁሉ ደህና ናት በይልኝ።

ትልቋ ልጅሽ