የሙታሌ ሹመት

ልጄ ቺሌሼ፣ በሄድሽበት ሁሉ እግዜር ይቅደምልሽ፤ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ወንድምሽ ሙታሌም በስንት ዓመቱ ተሾመልሽ! "እማዬ፣ ቴክኒሻን ሆኜ ብሸብት ደመወዜ ፈቀቅ አይልም" ብሎ ከሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ወጥቶ ቢሮ ገባ። የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማችንን፣ በዶሮ በልተን መረቅነው።

አባትሽ ግን ሆስፒታል ተኝቶ የሚተነፍሰው ሙታሌ ሲጠግነው በኖረው የኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ሰሞኑን ያቃስታል፤ በሙታሌ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። "መጥተህ እየው እንጂ" ስለው፣ "ሹመቴ ገና አልጸናም፤ መፍቻ ይዤ ካዩኝ ወደ ድሮው ይመልሱኛል" አለኝ። አባትሽ ደግሞ "ተዪው፣ ደስ ይበለው" ይላል፤ ይህችን ለማለት ሁለቴ ትንፋሹን ይሰበስባል።

እባክሽ ደውዪለት። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ በዪው። ከዚያ፣ ለአባትህ ምሳ ስትወስድ መፍቻህን ከሳህኑ ሥር ደብቀህ ግባ በዪልኝ።

እግዜር የሁላችሁንም ትንፋሽ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ