የሐሙስ ሥራሽ

ውድ ባለቤቴ፣

ካረፍሽ አምስት ወር ሊሞላ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። ጠዋት ስነሳ አሁንም "ነቃሽ?" እላለሁ፤ የገዛ ድምፄን ስሰማ እደነግጣለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ናፍቆቴን ልነግርሽ አይደለም፤ ልናዘዝልሽ ነው።

ሆስፒታል ሳለሽ፣ ነርሷ ትራስሽን አስተካክላ እንደወጣች፣ "ምድር ቤት ያለውን ሰው አደራ" አልሽኝ። ሾፌሩን ማለትሽ ነበር። ጎማ ሊቀይር ሲል የጭነት መኪናው ተንሸራቶ ወገቡን ከሰበረው ወዲህ ከአልጋ ያልወረደውን፣ እኔን ባየ ቁጥር "ሰባኪው መጣ፣ በሩን ዝጉ!" እያለ የሚያላግጥብኝን ጎረቤታችንን። እኔም "አይዞሽ፣ እጸልይለታለሁ" አልኩሽ። ትንሽ አየሽኝና፣ "ጸሎቱንማ እኔም እጸልያለሁ፤ ጥፍሩን ማን ይቆርጥለታል?" ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። በሦስተኛው ቀን አረፍሽ።

ቃሌን አላጠፍኩም፤ ጸለይኩለት። በየጠዋቱ ተንበርክኬ፣ ስሙን ጠርቼ። ደረጃውን ስወርድ ግን በሩ ጋ እርምጃዬን አፈጥን ነበር። እሁድ እሁድ ስለ ፍቅር ሳስተምር ሰው እያለቀሰ ያዳምጠኛል፤ በዚያ በር ግን እንደ ሌባ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ወር የእህቱ ልጅ በሬን አንኳኳች፤ ያቺ ጠዋትና ማታ ምግቡን አቅርባለት ወደ ሥራዋ የምትሮጠው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እማማ ማረፋቸውን ለአጎቴ አልነገርኩትም።"

"አራት ወር ሙሉ?"

"አቃተኝ። የለቅሶውን ድምፅ ሲሰማ የሌላ ጎረቤት ነው አልኩት፤ እሳቸውን ታመዋል ስለው ከረምኩ። ሐሙስ ሐሙስ ፂሙን ተላጭቶ ይጠብቃቸዋል። አሁን ግን 'እሷም ሰለቸችኝ' ማለት ጀምሯል። እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ሰውዬው አልቅሶልሽ እንኳ አልወጣለትም፤ ጠልተሽው የቀረሽ መስሎት ነበር።

ሐሙስ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ወረድኩ። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ "አንቺ ነሽ?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኩት። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጣሪያውን እያየ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። የምለው ሲጠፋኝ የለመድኩትን አደረግኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። አስረዘምኩት። አሜን ስል፣

"ጨረስክ?" አለኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው የእግሬ ጥፍር እያቆሰለኝ ነው።"

መቁረጫው ያለበትን ያሳየኝ እሱ ነው። አንዱን ጣቱን አደማሁት። "እሷ እንዲህ አታደርግም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት።

በዚያው እሁድ ለማስተማር ተነሳሁ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ "ሐሙስ ከሰዓት በሽተኛ የሚያነሳልኝ፣ ፍራሽ የሚያዞርልኝ አንድ ጉልበተኛ ሰው እፈልጋለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ትምህርቱ የሚቀጥል መስሎት ያየኝ ነበር። ሐሙስ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። አልተቀየምኩም፤ እኔስ ስንት ዓመት ቀርቼ የለ?

ብቻዬን ገባሁ። ሾፌሩን በብብቱ ይዤ ወደ አንድ ጎን ሳስጠጋው፣ ፍራሹን ስጎትት፣ ላቤ ጠብ ጠብ አለ፤ ወገቤ ቅንጥስ ሊል ደረሰ። ሁለታችንም እያለከለክን ቆየንና፣

"ያቺ ቀጭን ሴትዮ ይሄን ሁሉ ብቻዋን እንዴት ነበር የምትችለው?" አለኝ።

"አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም" አልኩት።

እውነቴን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩሽም። ወገብሽን ይዘሽ ስትገቢ፣ ከማነበው ቀና እንኳ ሳልል "በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ" ነበር የምልሽ።

ይቅር በይኝ። ነገ ሐሙስ ነው፤ እወርዳለሁ።

ባልሽ