የይርጋ አሥራ ሦስተኛ ሌቭል

ማክሰኞ

ይርጋ ሞተ። ጌሙ ውስጥ ያለው ይርጋ ማለቴ ነው። እውነተኛው ይርጋማ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ላፕቶፑን ከድኜ ወጥ ቤት ቆሜያለሁ። ሥራ የምገባው በዘጠኝ ነው። እስከዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ላፕቶፑ የግርማ ነው። እዚህ ውጭ አገር የምንኖረው በተለያየ ከተማ ስለሆነ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ዋይሊ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ ኧርቪንግ ይቀመጣል። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ እንቀባበላለን። ጌሙ ደሴ ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት እየፎረፍን የተጫወትነው ነው። ስድስት ተዋጊ ይዘህ ዋሻ ትወርዳለህ። ያኔ ሦስት ነበርን፤ ግርማ፣ ታናሽ ወንድሙ ይርጋና እኔ። አንድ ቀንም ጨርሰነው አናውቅም። አሁን ስድስቱን በራሳችንና በሰፈራችን ልጆች ስም ሰይመናቸዋል። ከፊት ጎራዴ ይዞ የሚቆመው ይርጋ ነው። እሱን ለማሳደግ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብናል።

ይህን ጌም የሠራው ሰው ማንን እየተበቀለ እንደሆነ አላውቅም። የሚያበግነኝን ልጻፈው፣ ይውጣልኝ፦

ለአንድ ሌቭል የሚፈለገው ነጥብ በየጊዜው እጥፍ ይሆናል።

ነጥቡ ቢሞላም እዚያው አታድግም። ዋሻውን ሁሉ ወጥተህ ከተማው ማደሪያ መተኛት አለብህ። መንገድ ላይ ከሞትክ ቀረ።

ስታድግ ልትቀንስ ትችላለህ! ዕጣ ነው። ይርጋ አሥራ አንድ ሲገባ ጤናው ቀነሰ። አሥራ ሁለት ሲገባም ቀነሰ። ሰው እያደገ ይደክማል?

ጣረሞት የሚሉት የዋሻው መንፈስ ከነካህ በአንድ ንክኪ ሁለት ሌቭል ይወስድብሃል። ይህ የወራት ልፋት ነው።

የሆነውን ሁሉ ጌሙ ራሱ ወዲያው ሴቭ ያደርገዋል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ኮፒ እናስቀምጥ ብዬው ነበር። ግርማ «ኮፒ ካለው ምኑን ኖረ?» አለኝ።

ሕግ አለን። ብቻህን ስትሆን ከአራተኛው ደርብ በታች አትወርድም፤ ነጥብ ብቻ ትለቅማለህ። ዘጠነኛው ሁለታችንም ስንኖር ነው። ትናንትና ዛሬ ጠዋት አራተኛው ላይ ለቀምኩ፤ ነጥቡ ፈቀቅ አይልም። ለአሥራ ሦስት ትንሽ ነው የቀረው። እሑድ አሥራ ሦስት አድርጌ ላስረክበውና ይደነቅ ብዬ ዘጠነኛው ወረድኩ።

ሁለት ጣረሞት። ከአሥራ ሁለት ወደ አሥር። ሽሽ አልኩት፣ አልሆነም። ስምንት። ሦስተኛው ንክኪ ላይ ወደቀ።

ረቡዕ

አምስቱ ተሸክመውት ወጡ። በሕይወት መውጣታቸው ራሱ ተአምር ነው። ከተማው ውስጥ ቤተ መቅደስ አለ፤ ካህናቱ የሞተ ያስነሣሉ። ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ የሚወስነው የሟቹ ጤና ነው። በየሌቭሉ ሲቀንስ የነበረው ያ ጤና።

ሞከርኩ። አልተሳካም። «አመድ ሆኗል» ይላል።

ከአመድ አንድ ዕድል ብቻ ይቀራል። ያ ካልሆነ ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ እንዳልነበረ ይሆናል።

እውነቱን ልጻፍ። የሞከርኩት ግርማ ሳያውቅ ለመሸፋፈን ነው። ቢነሣ ኖሮ «አራተኛው ላይ ጣረሞት አጋጠመኝ» ልለው አስቤ ነበር። አራተኛው ላይ ጣረሞት የለም። ያውቃል።

ባለቤቴ ሕይወት ፕሌኖ ካለው ሆስፒታል ሺፍቷን ጨርሳ ስትገባ አገኘችኝ። ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው አለች። ነገርኳት። «ኤርሚ፣ ጌም እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ስክሪኑ ላይ ስሙን ስታይ ሳቋን አቆመች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዛሬውኑ ንገረው። ያኔ የሆነውን ረሳኸው?»

በስምንት ሰዓት ግርማ ቴክስት አደረገ፦ ይርጋ ስንት ደረሰ?

ደህና ነው ብዬ መለስኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እጄ ቀደመኝ።

ሐሙስ

ያኔ የሆነው ይህ ነው። ይርጋ እዚያ ደሴ ውስጥ በጉበት በሽታ ሲሞት እኔ በማግስቱ ሰማሁ። እህቴ እሱ ተኝቶበት በነበረው ሆስፒታል ነርስ ናት። ግርማ የነርስነት ፈተና ሊወስድ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ፈተናው እስኪያልፍ ደብቁት ተባለ። ደበቅን። ሦስት እሑድ ቸርች አጠገቡ ተቀምጬ ዘመርኩ። አንዱን እሑድ «ይርጋ ስልክ አያነሳም፤ የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ። «ደህና ነው፣ ኔትወርክ ይሆናል» አልኩት።

መርዶውን ቅዳሜ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደን ነገርነው። ሁሉም ሲያለቅስ ግርማ አላለቀሰም። እኔን ብቻ አየኝ። «አንተም ታውቅ ነበር?»

ስድስት ወር አላናገረኝም። ከዚያ አንድ እሑድ ፓርኪንግ ላይ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ጌሙን አገኘሁት» አለ፣ ሌላ ምንም ሳይል። ስለ ይርጋ አሟሟት እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የምናወራው ስለ ሌቭሉ ነው።

ሶ፣ አሁን ደግሞ ደህና ነው ብዬዋለሁ።

ሥራዬ ላይ፣ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን፣ ሁለት ሻንጣ የማይሆን ጋሪ ላይ አስቀመጥኳቸው። አለቃዬ ነው ያየው። እረፍት ላይ ስልኬን አውጥቼ የግርማን ስም አየሁትና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ

ነገርኩት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮል አደረግሁ። መኪና ውስጥ ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «ይርጋን ገድዬዋለሁ፣ ዘጠነኛው ላይ፣ ብቻዬን» አልኩት። አንዴ ሞክሬ አመድ እንደሆነም ነገርኩት። 

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ረቡዕ ደህና ነው ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«ሁለተኛህ ነው ኤርሚያስ» ብሎ ዘጋው። ሙሉ ስሜን ነው የጠራው።

 መናገሬ ጥሩ ነው። ሕይወትም ጥሩ አደረግህ ብላኛለች። ጥሩ እንዳደረግሁ አይሰማኝም።

ቅዳሜ

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ላፕቶፑን ይዤ ዋይሊ ሄድኩ። መኪናው ደጅ ቆሟል። በሩን አንኳኳሁ፣ ደወሉን ደወልኩ። ከውስጥ የቲቪ ድምፅ ይሰማኛል። አልከፈተም። በሩ ላይ ጥዬው እንዳልሄድ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ከፈትኩት። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገባሁ። አንዷን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። ቢነሣስ? ቢነሣ «ተነሥቷል» ብዬ ቴክስት አደርግለታለሁ፣ ይታረቀኛል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

አልነካሁትም። የሳምንቱ አንድ ደህና ሥራዬ ይህ ነው።

እሑድ

ቸርች አልመጣም። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ቢጠይቁኝ አላውቅም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የአፓርታማችን በር ተንኳኳ። ግርማ ነው። ሕይወት ምሳ ላቅርብ ብትለው በልቻለሁ አለ። እንዳልበላ ፊቱ ያስታውቃል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ክፈተው። ቁልፉን እንዳትነካ።»

ከፈትኩት። የይርጋ ስም አጠገብ አመድ ይላል። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ንገረኝ። ከመጀመሪያው። ምንም ሳታስቀር።»

ነገርኩት። ለምን እንደወረድኩ፣ በየት በኩል፣ ማን መጀመሪያ እንደመታ። ሽሽ ብዬው እንዳልሆነ። ከጎኑ ማን ነበር አለኝ። «አንተ» አልኩት፤ ከፊት ረድፍ ከጎኑ የሚቆመው ግርማ የተባለው ተዋጊ ነው። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ስክሪኑን እያየ «የዚያኛውስ?» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ የወንድሙን ነው።

እህቴ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኩት። ከጠናበት በኋላ ሁለት ቀን ብቻ እንደቆየ። ሕመሙ በመድኃኒት ታግሦለት እንደነበረ። ሐሙስ ከሰዓት እናታቸው እግሩን ይዘው እንደተቀመጡ። ይርጋ እህቴን «ግርማ ፈተናውን ወሰደ?» ብሎ እንደጠየቃት፣ ገና ነው ስትለው «እንግዲያው እስኪጨርስ እንዳትነግሩት፤ ማሉልኝ» እንዳለ። ያስማላቸው እሱ ነው።

ግርማ ቀና አለ። «እሱ ነው ያለው?»

«እሱ ነው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ራሴን ነጻ ለማውጣት የምለው እንዳይመስልህ ብዬ። ደግሞ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

 ከላይ አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ ሌላ አለፈ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተጫነ።

አልተሳካም። ዝርዝሩ አንዴ ብልጭ አለና አምስት ስም ቀረ። ስድስተኛው መስመር ባዶ ነው።

ግርማ አለቀሰ። በመርዶው ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ወንድሜን እያለ። ሕይወት ከጓዳ ሮጣ መጣች። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ለየትኛው ይርጋ እንደሆነ አላውቅም፣ ለሁለቱም መሰለኝ።

ኋላ ሕይወት ያቀረበችውን በላ። ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ከዚያ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፣ ጫማውን አውልቄ እግሩን ሰቀልኩለት።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። እሱ እንደተኛ ነው፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ይህን እጽፋለሁ። ሲነቃ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ምናልባት ላፕቶፑን ይዞ ይሄድና አይመለስ ይሆናል። እሱ የማያውቀው፣ እኔ ጋ የቀረ ነገር ግን ዛሬ የለም።