ለስፒል ያልነገርኳት

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? እናታችን እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ተመስገን፣ እህል እበላለሁ፣ ሥራም ውዬ እገባለሁ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ብደውል ድምፄን ሰምተሽ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው ወረቀት የያዝኩት።

ስፌት ቤታችን አዲስ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ገብቷል። አሠሪያችን ሰብስቦን፣ «ከእንግዲህ ጨርቅ እየጣለ፣ መብራት እያባከነ የሚኖር ቤት የለም፤ ሙያ የማይማር ሠራተኛም እንዲሁ» አለን። እውነቱን ነው። ድሮ በየቀኑ አምስት ጆንያ ቁርጥራጭ ይወጣ ነበር፤ አሁን አንዱም አይሞላም። መብራቱም ቢሆን ጣሪያ ላይ ከተደረደረው የፀሐይ ሰሌዳ ነው የሚመጣው። ለሥልጠናው መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነበር፤ ሃያ ዓመት የቆረጥኩት እኔ ነኛ። «በዚህ ዕድሜዬ ከኮምፒውተር ጋር ልፋጠጥ?» ብዬ ሳቅሁ። በእኔ ፈንታ ስፒል ሄደች። በቅጥነቷ ነው እንዲያ የምንላት፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ተምራ ስትመጣ ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። መቀሴን እያገላበጥኩ ዋልኩ።

እንግዲህ ስሚኝ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት የካርቶን ንድፎች የስፌት ትርፍ፣ ሲሰፋ ወደ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ፣ የላቸውም። ዙሪያውን አንድ ጣት ትርፍ በዓይኔ ጨምሬ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ የትም አልተጻፈም። ስፒል የሱሪውን ካርቶን ይዛ መጣችና፣ «እትዬ፣ እንዳለ ላስገባው?» አለችኝ። «እንዳለ አስገቢው» አልኳት። ማሽን የታዘዘውን ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ሱሪ እንዳለ ቆረጠ። ሲሰፋ ለማንም አልሆን አለ። ልብስ ተኳሹ አንዱን አንስቶ፣ «ይቺ ማሽን አሻንጉሊት ታለብሳለች እንዴ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ እታለም። ስፒል ከሥራ ታገደች።

ረስቼ ነው ወይስ ቀንቼ? ራሴን ብጠይቅ ብጠይቅ እውነቱን አላገኘሁትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔው ግን ነቀዘ። በአራተኛው ቀን አሠሪያችን ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን እጄን እጄን እያየ፣ «እንዲህ የትም ያልተጻፈ፣ አንቺ ጋ ብቻ ያለ ስንት ነገር አለ?» አለኝ። በጣቶቼ ብቆጥር አሥሩም አለቁብኝ። «እኔስ ማሽን ገዛሁ እንጂ ይህን መች ጠየቅሁ» አለና ስፒልን ወደ ሥራዋ አስጠራት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «እትዬ» ማለቷ ቀርቷል፤ «እርስዎ» ብቻ ሆኛለሁ። ገጽ ባገላበጠች ቁጥር፣ «ሌላስ ያልነገሩኝ አለ?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ።

አለ፣ እታለም። ካኪ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ርዝመቱ ላይ ምን ያህል እንደሚጨመርለት አልነገርኳትም። ሁሉን ካስረከብኩ በኋላ ምን ሊያደርጉኝ ይፈልጉኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ ሰኞ ግን ካኪው ማሽኑ ላይ ይወጣል። አሁን ደግማ ብትሳሳት የሚመልሳት የለም፤ ልጆቿስ? ስለዚህ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ እነግራታለሁ። እኔ የምቀር ከሆነ ልቅር። ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ፖስታ ሣጥን እከተዋለሁ፤ ከእጄ ከወጣ ማፈግፈግ አልችልም።

ለእናታችን ይህን አታንብቢላት፤ ደህና ናት በያትና ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያን ቀልደኛ፣ ናፍቀሃታል በይልኝ። ለትልቋ ፎቶዋ ደርሶኛል በያት፤ አንገቷ ቁርጥ እናታችንን ሆኗል። የትንሹን ጉንጭ እስኪቀላ ሳሚልኝ። አንቺም ለነገው ጠዋቴ ጸልዪልኝ፤ ይህ ሲደርስሽ ያለፈ ቢሆንም ጸልዪ።

ታናሽሽ
ከማደሪያ ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 14